አራት ጣት ሸራ

አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ ፍሬም ቤት አለኝ። የሠርግ ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ፣ የሟች ፎቶ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ ብቻ የሰፈሩ ሰው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ነገር ሁሉ በእጄ ያልፋል። ይህ የማወራችሁ ነገር ሲሆን በሥራው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቼ ነበር። እጄ ፈጣን ነበር፤ ምላሴ ደግሞ ከእጄ ይፈጥን ነበር። ሰው ቤት ገብቼ የሠራሁትን ፍሬም ሳገኝ፣ ውስጡ ያለው ማን እንደሆነ እንኳ ሳላይ "እንዴት አምሮበታል" የምል ሰው ነበርኩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ከራስ አይቆረጥም፣ ከእግር ይቆረጣል። ፎቶው ከፍሬሙ ከበለጠ ምላጭ የሚያርፈው ከታች ነው። ሙሽሪት ጸጉሯ ከተነካ ቤተሰቡ በሙሉ ይመጣብሃል፤ ጫማዋ ቢቆረጥ ግን ማንም ልብ አይልም። በዚህ ሕግ የጉለሌን ሕዝብ እግር ስቆርጥ ኖሬ፣ አንድም ሰው ተመልሶ "እግሬስ?" ብሎኝ አያውቅም።

ሰዓሊዎችን አልወዳቸውም ነበር። ስለ አንድ ጠርዝ ግማሽ ቀን ይጨቀጭቁሃል፤ የሚያመጡትን ሥዕል ደግሞ ልቤ አይቀበለውም። ፈረሱ ፈረስ፣ ሰውየው ሰው የማይመስል ነገር ሲዘረጉልኝ በሆዴ እየሳቅኩ "በጣም አሪፍ ነው" እላለሁ። ከወጡ በኋላ ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው "ይቺንማ ልጄም ትሞነጭራታለች" እለዋለሁ። ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር።

እትዬ ሙሉነሽ የመጡት ረቡዕ ጠዋት ነው። ከቁስቋም በእግራቸው ወርደው፣ የተጠቀለለ ሸራ እንደ ሕፃን ታቅፈው ገቡ። ስልሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለተማሪዎች መጽሐፍ ሥዕል ሲሠሩ እንደኖሩ ሰፈሩ ያውቃል። ስማቸው ግን የትኛውም መጽሐፍ ላይ ተጽፎ አያውቅም። አሁን፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ስም ኤግዚቢሽን ሊከፈትላቸው ነው። የሚከፈተው ቅዳሜ ነው። ከሚሰቀሉት ሥዕሎች ትልቁ ይሄ የታቀፉት ነበር። ሦስት ዓመት ወስዶባቸዋል፤ እጃቸው እምቢ ሲላቸው እየተዉት፣ ሲሻላቸው እየተመለሱበት።

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ይሆናል። የተሳለው የእኛው የአዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ነው። ዝናብ አለ። ሰዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ፊታቸው ግን ውሃ የነካው ይመስል ደብዝዞ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። መሃል ላይ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ክፍት ነው። ሰልፉ እዚያ ጋ ይቋረጥና ከዚያ ወዲያ ይቀጥላል። ያየሁት ይኼን ብቻ ነው። ዓይኔን ወደ ታች አልላክሁም።

"ይቺ ጋ አላለቀችም እንዴ እትዬ?" አልኳቸው ክፍቱን ቦታ እያሳየሁ።

"አልቃለች" አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን የሸራው ግርጌ ላይ አሳርፈው፣ "እስከ ታች ድረስ ነው የተሳለው ደረጀ። እንዳለ ወጥርልኝ" አሉኝ።

ስልኬን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ ከሌላ ደንበኛ ጋር እያወራሁ ነበር። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሰምቻለሁ። ደንበኛ ሁሉ እንዲህ ይላል ብዬ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም እንጂ። ለዓርብ ቀጠርኳቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሸራውን ልወጥር ስል ቁመቱ አልገጥም አለኝ። ልኩን ቀደም ብለው በስልክ ነግረውኝ ስለነበር መወጠሪያውን እንጨትና ፍሬሙን አስቀድሜ ጨርሻለሁ። ስህተቱ የኔ ነው። አንደኛው እንጨት ጫፉ ተሰንጥቆ ስላገኘሁት የተሰነጠቀውን ቆርጬ፣ ሌላውንም ከእሱ ጋር ሳስተካክል፣ ቁመቱ አራት ጣት ያህል አጥሯል። እንደገና ልሥራ ብል መርካቶ ወርጄ እንጨት መግዛት፣ መላግ፣ ማጋጠም አለብኝ። ትርፉን ሸራ አጥፌ ከኋላ ልደብቀው ሞከርኩ፤ ቀለሙ ወፍራም ነውና አብጦ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ አለ። እንጨት ለመቁረጥ መጋዝ ያስፈልጋል፣ ሸራ ለመቁረጥ ምላጭ ይበቃል። እንጨቱ ላይ የሠራሁትን ስህተት ሸራው ላይ ላርመው ወሰንኩ።

ምላጩን ይዤ ያሰብኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። ከላይ ፊት አለ፣ ዝናብ አለ፤ ከታች ያለው ጫማ ነው። ጫማ ምን ያደርጋል? ማስመሪያውን አስቀመጥኩና ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ሳብኩት። ሁለት ሜትር ርዝመት፣ አራት ጣት ወርድ ያለው ሸራ ጠረጴዛው ሥር ወደቀ። ሥዕሉን ወጠርኩት፣ ፍሬሙን አለበስኩት፣ ራቅ ብዬ አየሁት፤ ደስ አለኝ። የማዕዘኖቹ አገጣጠም የተዋጣለት ነበር።

ጥሩ ሸራ ደግሞ አይጣልም። የዚያኑ ዕለት ለአንድ የሸጎሌ ቤተሰብ የሟች ፎቶ ፍሬም እየጨረስኩ ነበር። ሟቹ አቶ ተሰማ የሚባሉ የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ቅዳሜ አርባቸው ነው። ፎቶው ትልቅ ሆኖ መስታወቱ ፍሬሙ ውስጥ ይነቃነቃል። ያንን የወደቀ ሸራ አንስቼ አራት ቦታ ቆረጥኩትና ከጀርባ በሚገባው ስስ ጣውላ ላይ በአራቱም ጎን በኮላ ለጠፍኩት። የተቀባው ፊቱ ሻካራ ስለሆነ ኮላውን ይይዛል ብዬ ቀለሙን ወደ ጣውላው አደረግኩት። መስታወቱ ጸጥ አለ። ዓርብ በጠዋት የሟቹ ልጅ መጥቶ ወሰደው።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ሙሉነሽ መጡ። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አስደግፌ በጨርቅ ሸፍኜው ነበር፤ ገልጬ ላስደስታቸው። ገለጥኩት። ስለ ማዕዘኖቹ አንድ ነገር እስኪሉ ፈገግ ብዬ ፊት ፊታቸውን አያለሁ።

እትዬ ሙሉነሽ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የፍሬሙን ግርጌ በጣታቸው ዳሰሱት።

"እግራቸውስ?" አሉኝ።

እንጨቱ አጥሮ እንደሆነ፣ ትንሽ ብቻ እንደነካሁት፣ የሰዎቹን ፊት ላተርፍ ብዬ እንደሆነ ቀባጠርኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በዚህ ላይ "ያው ጫማ ብቻ ስለሆነ ነው እትዬ" ብዬ ጨመርኩበት።

አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና የቆረጥኩት የት እንዳለ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "የሟች ፎቶ ጀርባ" ብለው ለራሳቸው ደገሙት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ቁራጩ ካልተጎዳ ከጀርባው ሌላ ሸራ ደግፈው ለነገ ሊያያይዙት እንደሚችሉ፣ ካልተገኘ ግን ይህ እጃቸው ሁለተኛ ያን ሁሉ እንደማይስል ነገሩኝ። ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው።

የሸጎሌ ታክሲ ሰልፍ ረጅም ነበር። ኮንትራት ልያዝ ብላቸው እምቢ አሉ። ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው። ከሃፍረቴ የተነሳ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ነበርና ሳላስበው ጫማ ማየት ጀመርኩ። ከፊታችን ያለው ሰውዬ ጫማው በደንብ ተወልውሏል፤ ተረከዙ ግን ወደ አንድ ጎን ተበልቷል። ከእሱ ቀጥላ ያለችው ሴት ደህናውን ጫማዋን በፌስታል ይዛ በላስቲክ ጫማ ቆማለች። አንዲት ተማሪ አንደኛውን የጫማ ማሰሪያዋን በሌላ ቀለም ክር ቀጥላዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰልፍ አጠገብ ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን አላየሁም።

እትዬ ሙሉነሽ የማየውን አይተው ኖሮ፣ "ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ፊቱን ያስተካክላል፣ እግሩን ይረሳዋል" አሉኝ። "ሦስት ዓመት እዚህ እየመጣሁ የሳልኩት እሱን ነው።"

ስለ ክፍቱ ቦታ ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም። እሳቸው ራሳቸው ጀመሩት። ውሃ ሲጠፋ ቦኖው ጋ ጄሪካን አስቀምጠን፣ ዳቦ ቤት በር ላይ ድንጋይ አስቀምጠን ተራ እንደምንይዝ አስታወሱኝ። የሌለውን ሰው ተራ ድንጋዩ ይጠብቅለታል፤ ማንም አያልፈውም። እሳቸውም በዚያ ክፍት ቦታ ሥር አንድ ጥንድ ቡናማ የወንድ ጫማ ስለዋል። ባለቤቱ የሌለ፣ ሰልፍ ውስጥ ለብቻው የቆመ ጫማ። የልጃቸው የናሆም ነው። ናሆም ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ስኒከሩን ተጫምቶ፣ እዚሁ ታክሲ ልይዝ ነው ብሎ ወጣ። በስደት መሄዱን የነገሯቸው ጓደኞቹ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ቡናማው ጫማ አልጋው ሥር ነበር።

"ተራ ያዝኩለት" አሉ። "ሌላ ምን ላደርግለት እችላለሁ?"

ተራችን ደርሶ ተሳፈርን።

ታክሲው ውስጥ ስለ ድሮ ሥራቸው ጠየቅኳቸው። ከሠሯቸው ሁሉ የትኛውን እንደሚወዱት ስላቸው፣ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ አግዳሚ ወንበር ሥር ተኝቶ አንድ ጆሮውን ያቆመ ውሻ እንዳለ ነገሩኝ። ያንን ውሻ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ በአባቴ ምላጭ ከመጽሐፉ ቆርጬ አውጥቼ፣ ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ ዙሪያውን በክብሪት እንጨት አጥሬ አልጋዬ አጠገብ ሰቅዬው ነበር። መጽሐፍ ቀደድክ ተብዬ ተገርፌበታለሁ። በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው ፍሬም እሱ ነው። ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። ምን ልበል? "ከልጅነቴ ጀምሮ የእርስዎን ነው የምቆርጠው" ልበል?

ሸጎሌ ስንደርስ ግቢው ውስጥ ለነገ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ። የአቶ ተሰማ ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሥሩ ጧፍ በርቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሟችን ፎቶ አውርዱልኝ እንዴት ይባላል? እትዬ ሙሉነሽ ግን አጠገባቸው ተቀምጠው መጀመሪያ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አሏቸው፣ ስለ ሟቹም ጠየቁ። ከዚያ ረጋ ብለው ስለ ሥዕሉም፣ ስለ ናሆምም ነገሯቸው።

ወይዘሮ አልማዝ ፎቶውን ቀና ብለው አዩት። "የልጅ ነገር ነው" አሉ ለልጃቸው። "አውርድላቸው።"

ፎቶውን ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፋሁት፣ ሚስማሮቹን ነቅዬ ጣውላውን አወጣሁት። ኮላው እንደ ድንጋይ ደርቋል። የመጀመሪያውን ቁራጭ ከዳር ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም እየተላጠ ወጣ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። የመጨረሻው ላይ በጎን በኩል ቡናማ ነገር ሳይ መሳቤን ተውኩ። እትዬ ሙሉነሽ ተቀበሉኝ። በእነዚያ በሚርዱት ጣቶቻቸው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ጥቂት በጥቂት ሳቡት። ቀኙ ጫማ ከሸራው ጋር ወጣ። ግራው ከሸራው ተላቅቆ ጣውላው ላይ ቀረ።

እኔው አፌን ከፈትኩ፤ ጫማው ያለበትን የጣውላ ጥግ ቆርጬ ላውጣልዎት አልኳቸው። ይገርማችኋል፣ አሁንም መቁረጥ ነው የታየኝ። ወይዘሮ አልማዝም ውሰዱት አሉ። እትዬ ሙሉነሽ ጧፉን አዩ፣ በፊቱ የተደፋውን ሰውዬ አዩ።

"የሰው ለቅሶ አላፈርስም" አሉ።

ጣውላውን መልሼ ገጠምኩ፣ ፎቶውን ሰቀልኩት። አራቱን የተላላጡ ቁራጮች በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወጡ። በሩ ላይ "አንተ ሂድ" ብቻ ብለውኝ በሌላ መንገድ ሄዱ።

ቅዳሜ ኤግዚቢሽኑ ላይ ተገኘሁ። ምነው በቀረብኝ። ዓርብ ማታ አዘጋጆቹ ከሱቄ የወሰዱት ሥዕል ከነፍሬሜ ዋናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቁራጮቹ የሚያያዙ አልሆኑም፤ አዘጋጆቹም ግድግዳው ባዶ እንዳይቀር ለምነዋቸው እሺ ብለዋል። ሥዕሉ ፊት ሰው ተሰብስቦ አንድ መነጽር ያደረገ፣ ሥዕል አዋቂ የሚመስል ሰው ክፍቱን ቦታ በእጁ እየከበበ ያስረዳል። እንዲህ ዓይነት ድፍረት በዘመኑ ሰዓሊዎች ላይ እንዳላየ፣ ክፍቱ ቦታ የከተሜው የውስጥ ባዶነት እንደሆነ፣ ሰዎቹም እግር ያጡት የሚረግጡት መሬት ስለሌላቸው እንደሆነ ተናገረ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሰው እንኳ "ይህ ሥዕል ታች ምን ነበረው?" አላለም። አንዲት ሴት "ፍሬሙስ ብትል" ስትል ሰማኋት። በሕይወቴ ከሁሉ የሚያስጠላ ሙገሳ ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

የቆረጥኩት እኔ ነኝ ልል ነበር። ፈራሁ። እትዬ ሙሉነሽ ነጭ ለብሰው ጥግ ላይ ቆመው ሁሉንም ይሰማሉ። ሰው እንኳን ደስ ያለዎት ሲላቸው አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ያመሰግናሉ። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ቶሎ ወደ ሌላ እንግዳ ዞሩ።

ይኸው ስድስት ዓመት አለፈ። ይህን የምታነቡ ሰዎች መጨረሻው ላይ እርቅ የምትጠብቁ ከሆነ፣ እርቅ የለም። ተለወጥክ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ። ሥዕል ሲመጣልኝ ምላጬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣ ወንበር ስቤ፣ ከታች ወደ ላይ ነው የማየው። ፈረስ የማይመስለው ፈረስ ለምን እንዲያ እንደሆነ የሳለውን ሰው እጠይቃለሁ። ሰዓሊዎቹ የሚጠይቃቸው ሰው ብርቅ ስለሆነባቸው መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ከጀመሩ ግን አያቆሙም፤ ስንት ነገር እንደሰማሁ ብነግራችሁ። ልጄ መጽሐፏን ይዛ ስትመጣ ሥዕሉን የሠራው ማን እንደሆነ ከፊትም ከኋላም እፈልጋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ስም አላገኝም፣ እናደዳለሁ። ግን ይኼ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ማየት የተማርኩት በእሳቸው ሸራ ላይ ነው፤ ሌላ ሸራ ላይ ብማር ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

እትዬ ሙሉነሽ አሁንም ቁስቋም ናቸው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፣ ልጄን በስሟ ጠርተው ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ግን ትንሽ ሸራ ታቅፈው የሱቄን በር አልፈው፣ ሰልፍ ይዘው፣ ወደ ፒያሳ ሲሳፈሩ አየሁ። ሌላ ፍሬም ቤት መሄዳቸው ነው። እፈርድባቸዋለሁ እንዴ?

ባለፈው ክረምት ወይዘሮ አልማዝ የባላቸውን ፎቶ በፎጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ወድቆ መስታወቱ ተሰብሯል። ሚስማሮቹን ነቅዬ ጣውላውን ሳወጣ ጫማው እዚያው አለ። ያን ቀን በድንጋጤ በደንብ አላየሁትም ነበር። አሁን አየሁት። ቡናማው ቆዳ ጣቱ ጋ ተሸብሽቧል፣ ማሰሪያው ተፈትቶ ወደ ጎን ወድቋል። ለወይዘሮ አልማዝ ስነግራቸው "አሁንማ ውሰድላቸው፣ ለእኔ ሌላ ጣውላ አድርግልኝ" አሉኝ። ስልክ አነሳሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ስደውልላቸው የመጀመሪያዬ ነው።

"እትዬ፣ ጫማው እጄ ላይ ነው" አልኩ። "ግራው። ላምጣልዎት?"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"አየኸው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አየሁት። ማሰሪያው ተፈትቷል።"

"አያስረውም ነበር" አሉ። "እዚያው ተወው ደረጀ። እዚያ ቢያንስ ማንም አይቆርጠውም።"

አዲስ መስታወት አስገብቼ ያንኑ ጣውላ መልሼ ገጠምኩት። መስታወቱ ትንሽ ይነቃነቃል። ከጀርባው ምንም ነገር አልለጠፍኩበትም።